ከአዞው ይልቅ ትንኟ፦ አርባ ምንጭን ከነልጆች ስንጎበኝ



የትምህርት ቤቶች የግማሽ ዓመት ዕረፍት ወይም የክረምቱ መዝጊያ ሲቃረብ በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮስ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» የሚል። ቀድሞ መልሱ ቀላል ነበር። ልጆች ወደ አያቶቻቸው ይላኩ ነበር፤ የወሎው ወደ ወሎ፣ የጅማው ወደ ጅማ፣ የስልጤው ወደ ስልጤ። አሁን ግን ሐይቅ ዳር ባለ ሎጅ ሁለትና ሦስት ሌሊት ማደር፣ በጀልባ መንሸራሸር፣ የዱር አራዊት ማየት የሀብታሞችና የውጭ አገር ሰዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመ ቤተሰብም ይመኘዋል። ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡ ወንድሞችና እህቶችም እዚያ ለተወለዱ ልጆቻቸው አገራቸውን ለማሳየት ሲነሱ፣ ከሚጠሯቸው ስሞች አንዱ አርባ ምንጭ ነው።

ምርጫው መልካም ነው። ይህን ጽሑፍ ያሰናዳነውም ማንንም ከጉዞው ለማስቀረት አይደለም። ይሁንና ወደዚያ ሊሄድ የተነሳን ቤተሰብ «ምን ትፈራላችሁ?» ብለን ብንጠይቅ አብዛኛው «አዞውን!» ይለናል። አዞው በእርግጥ የሚፈራ ነው። ነገር ግን አዞው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ከቤተሰቡ ጋር መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ድረስ የሚመጣው ሌላ ነው፤ የሚመጣውም በልጁ ደም ውስጥ ሆኖ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሁለቱም ይሆናል፤ በይበልጥ ግን ስለ ትንሿ።

ሁለቱ ሐይቆች

አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ለሚመጣ መንገደኛ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በቡታጅራና በሆሳዕና የሚመጣው ጥቂት ያሳጥራል። ሁለቱም መንገዶች ወላይታ ሶዶ ላይ ይገናኛሉ። በአውሮፕላን ከሆነ ግን በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው።

ከተማዋ ሁለት ክፍል አላት። ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች። ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው በግራው ዓባያ፣ በቀኙ ጫሞ ተዘርግተው ይታዩታል። ዓባያ ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋቱ ትልቁ ነው፤ ከአንድ ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ወንዞች የሚያመጡለት ደለል ስለማይለየው ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። (ስሙ ከእናቶቻችን ልብስ ጋር መመሳሰሉ ልጆችን ያስቃቸዋል፤ ይሳቁ።) ጫሞ አነስ ይላል፤ ሰማያዊም ነው። በሁለቱ መካከል የተጋደመውን ሸንተረር የአገሩ ሰው «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። ከአፋፉ ሥር፣ ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ፣ ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ይፈልቃሉ። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃም ከእነርሱ የሚሳብ ነው።

ደኑና ሸንተረሩ የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ ሲሆን 514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ስሙን ያገኘው ከሸንተረሩ ማዶ ካለው ሜዳ ነው፤ በበጋ ሣሩ ነጣ ይላል፤ የሜዳ አህዮችም ይሰማሩበታል። ለልጆች የሚነገር አንድ ታሪክ እዚህ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በዚህ ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች የሌሊት ወፍራሪ ወፍ አገኙ። ይዘዋት የሄዱት አንድ ክንፏን ብቻ ነበር። ክንፏ ከሌሎች ከሚታወቁ ወፎች ከአንዱም ጋር አልገጥም በማለቷ ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ከአንድ ክንፍ የታወቀች ፍጥረት! ሱብሓነላህ።

ለሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ አርባ ምንጭ አንድ ትልቅ ምቾት አላት፤ እርሱም ዓሣ ነው። በአካባቢው ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። በከተማዋ መስጊድ ቢኖርም፣ በየሆቴሉ የሚቀርበው ሥጋ ማን እንዳረደው አለማወቅ ለብዙ ቤተሰብ የጉዞ ጭንቀት ነው። ዓሣ ግን የእርድ ጥያቄ የለበትም። የጫሞ ዓሣ ደግሞ ስመ ጥር ነው። መጥበሻውና ዘይቱ ለሌላ ሥጋ የዋለ መሆኑን መጠየቅም ነውር አይደለም፤ በትሕትና ለተጠየቀ ሰው የአርባ ምንጭ አስተናጋጅ አይከፋውም። አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን፤ ዓሣው ይብሰል። ጥሬውና ለብለቡ ለወዳጆቹ ይቅርላቸው፤ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ በጥሬው ወደ ሰው ሆድ የሚሻገር ጥገኛ ትል ሊይዝ ይችላልና። ለልጅ በፍጹም አይሰጥም።

ስለ አዞው ጥቂት

ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ አዞዎች ዳር ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቦታውን «የአዞ ገበያ» ይሉታል፤ ገበያተኛውም ሻጩም አዞ ነው። በጀልባ ሄዶ ማየት የጉዞው ሁሉ ዋና ደስታ ነው፤ ልጆችም ለዓመታት ያወሩታል። የሚሄዱት በጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ከመሳፈር በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን አባት በዓይኑ ይይ። የትልቅ ሰው ሰደርያ ለአምስት ዓመት ልጅ ቢያለብሱት ውሃው ውስጥ ተንሸራቶ ይወልቃል። ሰደርያ ከሌለ ጀልባው ይቅር። እጅን ከጀልባ ውጭ ማንጠልጠል፣ ለፎቶግራፍ መቆም፣ ባለ ጀልባውን «ትንሽ ቅረብልን» እያሉ መጎትጎት አይገባም። ባለ ጀልባው ርቀቱን የሚያውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው።

ሰዎች የሚጎዱት ግን በአብዛኛው ጀልባ ላይ ሆነው አይደለም፤ ዳር ቆመው ነው። አዞ የሚያድነው ውሃ ሊቀዳ፣ ልብስ ሊያጥብ ወይም መረብ ሊጥል ወደ ዳር የቀረበውን ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በዓባያ ሐይቅ ዳር፣ ለሃይማኖታዊ ሥርዓት ውሃ ውስጥ ገብተው የነበሩ አንድ የእምነት አባት በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው አልፏል። በዙሪያቸው ብዙ ሰው ቆሞ ነበር። የሰው ብዛት አዞን አላስፈራውም።

ይህን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ወደ ውሃ ዳር የሚወስደን ጉዳይ አለን። ዙህር ወይም ዐስር ደርሶ ሐይቁ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ሲታይ «እዚሁ ዉዱእ እናድርግ» ማለት በጣም ቀላል ነው። ጎንበስ ብሎ ፊቱን የሚታጠብ ሰው ለአዞ ከዚህ የተመቸ አቀማመጥ የለውም። ስለዚህ የዉዱእ ውሃ በጀሪካን ከማደሪያ ይዞ መሄድ፣ ሰላቱንም ከዳር ርቆ መስገድ ነው። ለመንገደኛ ዙህርና ዐስርን ማሳጠርና ማዋሐድ የተፈቀደ በመሆኑም ጊዜው አይጠብብም። ግመሏን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካትን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል፤ ጀሪካኑ የእኛ ገመድ ነው።

ጉማሬውም አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል። በእርሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው መንገዱን እንደዘጋበት ይቆጥረዋል። ግዙፍነቱን አይቶ «ይህ የት ይሮጣል» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ሰው አያመልጠውም። ከመግሪብ በኋላ በሐይቅ ዳር በእግር መንሸራሸር አይቻልም ማለት ነው።

አዞና ጉማሬ ባይኖሩ እንኳ በእነዚህ ሐይቆችና ወደ እነርሱ በሚገቡ ወንዞች ውስጥ ልጅን ማንቦራጨቅ አይመከርም። በአካባቢው ቢልሃርዚያ ይገኛል። የበሽታው ትል በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና ውሃ የነካን ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሕመሙም ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ስለሚገለጥ ከሐይቁ ጋር ማንም አያገናኘውም። ልጆቹ መዋኘት ካማራቸው የሆቴሎቹ ገንዳ ይበቃቸዋል። እዚያም ቢሆን አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ዓይኑን ልጆቹ ላይ ይትከል። የሚሰጥም ልጅ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው።

ትንኟ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ወባ በአገራችን በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር የሚገኝ በሽታ ነው። አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ላይ ናት። ሙቀት አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ወንዝ አለ፤ ለከተማዋ ስም ያተረፈው የሙዝ እርሻም በመስኖ ይጠጣል። የወባ ትንኝ የምትፈልገው ሁሉ ተሟልቷል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ አንዱ በሚያዝያና ግንቦት ግድም፣ ሁለተኛው በመስከረምና ጥቅምት። ዝናቡ አባርቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቀር ትንኟ ትራባለች።

አያቶቻችን «ንዳድ» ይሉት የነበረው ይህ በሽታ የደገኛን ሰው አስፈርቶ ከቆላ አርቆት ኖሯል። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። በ1950 እና 1951 ዓ.ም. ወረርሽኙ ወደ ወይና ደጋው ወጥቶ በአማራው አገርና በሌሎችም አካባቢዎች 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። የሩቅ ጊዜ ታሪክ ነው እንዳንል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

እዚህ ላይ ወላጆች በሚገባ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የአርባ ምንጭ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በወባ ተነድፎ ካላለቀ ሰውነቱ በሽታውን በጥቂቱም ቢሆን ይላመደዋል። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ ወይም ከደብረ ብርሃን የሄደው ልጅ ግን ምንም ልምምድ የለውም። በስዊድን ወይም በአሜሪካ የተወለደውም እንደዚሁ ነው። «እኔ እኮ ቆላ ነው ያደግሁት» የሚል አባትም ቢሆን ለዓመታት ከቆላ ርቆ ከኖረ ያ መከላከያ ከድቶታል። ሎጁ ውስጥ የሚሠራችው ልጅ ያለ አጎበር ስትተኛ አይቶ «ምንም አይልም ማለት ነው» ብሎ መገመት ትልቅ ስሕተት ነው።

እርጉዝ እናት ደግሞ ከሁሉም በላይ ትታሰብ። ወባ በእርግዝና ጊዜ ለእናትየዋም ለፅንሱም እጅግ አደገኛ ነው። ዕረፍቱን ለሌላ ዓመት ማሸጋገር የሚቻል ከሆነ ይሸጋገር። ከጉዞ በፊት የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒትም አለ፤ ነገር ግን የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ለእርጉዝና ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። የሚወስደውም ሰው ከተመለሰ በኋላ 4 ሳምንት መቀጠል አለበት። ስለዚህ ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ ሳይሆን ከጉዞው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ማማከር ነው። ነጭ ሽንኩርት መብላትና የሽፈራው ቅጠል መቀቀል ወባን ይከላከላል የሚሉም አሉ። ሽፈራው ለምግብነቱ እሰየው ነው፤ የትንኝ ንክሻን ግን አይመልስም።

የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ አልጋው ብቻ በመሆኑ አጎበሩን ይዘረጋና ይረካል። ትንኟ ግን እርሱ አልጋው ላይ እስኪወጣ አትጠብቀውም። ቤተሰቡ ሐይቁን እያየ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ እራት እስኪቀርብ ሲጫወት፣ ልጆቹ በቁምጣ ሣሩ ላይ ሲሯሯጡ ሥራዋን ትጀምራለች። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ሰዓት ማለት ነው። ፀሐይ ስትገባ ልጆችን ወደ ቤት መሰብሰብ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈ፣ በየቤታችንም አያቶች ያስለመዱን አደብ ነው። ሐዲሡ ስለ ትንኝ አልተናገረም፤ እኛም ያልተባለውን አንጨምርበትም። ነገር ግን ይህን አደብ አርባ ምንጭ ላይ የጠበቀ ቤተሰብ ከብዙ ንክሻ ይድናል።

ስለ ልብስ ስናወራ በዚህ ሰዓት የእናትየዋ ረጅም ልብስ ትልቅ ጋሻ ነው። የሚነደፉት ቁምጣና እጅጌ ጉርድ የለበሱት ትንንሾቹ ናቸው። ከመግሪብ በፊት ረጅም እጅጌ፣ ሱሪና ካልሲ ይልበሱ። በተገለጠው ቆዳ ላይ ትንኝ የሚያባርር ቅባት ይቀባ፤ ነገር ግን በሕፃናት መዳፍ ላይ አይቀባም፤ አፋቸውና ዓይናቸው ውስጥ ይከቱታልና። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ቅባቱ ሳይሆን አጎበሩ ነው መጠለያው። የፀሐይ ቅባት የሚቀባ ሰው አስቀድሞ እርሱን፣ ከዚያ የትንኙን ይቀባ። ለዉዱእ እጅና እግር ሲታጠብ ቅባቱ አብሮ እንደሚሄድም አይዘንጋ፤ ከዉዱእ በኋላ ይደገማል።

ማደሪያ ሲይዙ ክፍያውን ከመፈጸም በፊት ክፍሉ ገብቶ ማየት መብታችሁ ነው። አጎበር አለ? ተቀዷል? የመስኮቱ ወንፊት ደኅና ነው? ማራገቢያው ይሠራል? ሎጆቹ ውብ በሆነ እንጨትና ሣር የተሠሩ ስለሆኑ ቀዳዳ አያጡም። በሻንጣ ውስጥ ከቤት አንድ ሁለት አጎበር ይዞ መሄድ ከልብስ ይበልጣል። አጎበሩ ከፍራሹ ሥር መጠቅጠቅ አለበት፤ እየተንጠለጠለ ወለሉን የሚጠርግ አጎበር ትንኟን ከልጁ ጋር አብሮ ያሳድራል።

በቀን ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነዳፊ አለ። ከብቱን ገንዲ የሚያስይዘው ፀፀ ዝንብ ነው። ይህ ዝንብ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ይስበዋል። ጥቁሩ አባያ ለዚያ ቀን ሻንጣ ውስጥ ይረፍ፤ ሣርማ ወይም ቡናማ ቢለበስ ይሻላል።

ላይኛው አገር

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ዶርዜ ያደርሳል፤ ከዚያም ጨንቻ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ከፍታዋ 2,700 ሜትር ግድም ስለሆነ አገሩ ሌላ ነው፤ ጉም፣ ቀርከሃ፣ እንሰትና ብርድ። ቀድሞ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች፤ አርባ ምንጭ ከእርሷ በኋላ የተቆረቆረች ናት። ዶርዜዎች የዝሆን ፊት በሚመስለው የቀርከሃ ቤታቸውና በሽመናቸው የታወቁ ናቸው። ሽሮ ሜዳ ላይ ጋቢ የገዛ የአዲስ አበባ ሰው የእነርሱን እጅ ያውቀዋል።

ለጎብኚ ቆጮ በማርና በዳጣ ያቀርባሉ። ከቆጮው ጋር አረቄ ማዛመድና ሁሉም በአንድነት እየጮኸ መጎንጨት የመስተንግዷቸው ወግ ነው። ሙስሊም መሆናችሁን አስቀድሞ ለአስጎብኚው መንገር ይበቃል፤ በማሩ ብቻ ጩኸቱን ትካፈላላችሁ፤ ማንም አይቀየምም። እንግዳ አክባሪነታቸው ለታይታ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው የመለሷቸውን አገር ሁሉ አይቷል።

ዶርዜን ያነሳነው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። የወባ ትንኝ የምትነድፈው በሌሊት ነው ብለናል። ታዲያ ሕፃን ያላት እናት፣ ወይም ጉዞውን መሰረዝ ያልቻለች እርጉዝ፣ ሌሊቱን ለምን ላይ አታድርም? ዶርዜና ጨንቻ ላይ ማደሪያ አለ። በቀን ወርዶ ሐይቁን፣ ደኑንና የአዞ እርባታውን ጎብኝቶ፣ ከዐስር በኋላ ሳይመሽ ወደ ደጋው መመለስ ይቻላል። ሐይቁ ፊት ለፊት ማደር የሚያስገኘው ውበት ይቀራል፤ በምትኩ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። የጋሞ ሽማግሌዎችም ቆላውን እያረሱ ደጋው ላይ መኖርን የመረጡት በከንቱ አልነበረም። መንገዱ ግን ቀጥ ያለና ጠመዝማዛ ነው፤ በዝናብና በጨለማ አይሞከርም።

ላይም ቢሆን ልጆች በባዶ እግር አይሂዱ። የጋሞና የወላይታ ደጋ ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ለሚረግጠው ሰው እግር የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል። በሁለት ቀን የሚይዝ አይደለም፤ በእንግድነት ያየነውን ሕመምተኛ «ተላላፊ ነው» ብሎ መሸሽም በደል ነው። አይተላለፍም። ያ ሰው ያጣው ጫማ ነው።

ውሃ፣ ሙቀት፣ ዝንጀሮና መንገድ

ስለ ተቅማጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እናቶች ያውቁታል። የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ፣ በእጅ የተላጠ ሙዝና ማንጎ፣ ትኩስ ምግብ። ኦ.አር.ኤስ. ከቤት ይያዝ፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር አይደለም። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሽንቱ የቀነሰ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለው ልጅ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሙቀቱ በየካቲትና መጋቢት ይጠነክራል። የረመዷን ወር እዚያ ላይ ካጋጠመ መንገደኛ የተሰጠውን ፈቃድ መጠቀሙ አያሳፍርም።

በምንጮቹ ደንና በሎጆቹ አካባቢ ጉሬዛም ዝንጀሮም ይገኛል። ጉሬዛው ከዛፍ አይወርድም፤ ዝንጀሮው ግን ሙዝ ከያዘ ልጅ እጅ ይነጥቃል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው። ለውሻም ያው ነው።

መንገዱ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአዞውም ከዝንጀሮውም ይበልጣል። ሌሊት አይነዳም። ከሶዶ ወዲያ ከብት መንገዱን እንደ ራሱ ግቢ ነው የሚቆጥረው። ልጅን ከፊት ወንበር ላይ አቅፎ መቀመጥ ፍቅር ይመስላል፤ መኪናው ሲጋጭ ግን የአዋቂው ክብደት ልጁ ላይ ነው የሚያርፈው። ልጁ ከኋላ፣ በቀበቶ። ከመነሳት በፊትም የመንገዱን ሰላም በየአቅጣጫው ካሉ ወዳጆች ጠይቆ መነሳት የዘመናችን ልማድ ሆኗል።

ከተመለሱ በኋላ

ሻንጣው ተፈትቷል፣ ፎቶግራፉ ታይቷል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ወባ ከንክሻ በኋላ ራሱን የሚያሳየው ቢፈጥን በሰባት ቀን፣ ብዙ ጊዜም ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ነውና፣ ትኩሳቱ የሚመጣው ሁሉም አርባ ምንጭን ከረሳ በኋላ ነው። «ብርድ መቶት ነው»፣ «ከትምህርት ቤት ያመጣው ጉንፋን ነው» ይባላል። ልጅ ላይ ደግሞ ሕመሙ በትውከትና በተቅማጥ ሊጀምር ስለሚችል «ምግብ ነው» ይባላል።

የምናውቃት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇ ከሐይቅ ዳር ከተመለሰች በአሥራ ሁለተኛው ቀን አተኮሳት። ሰፈር ባለ አንድ ክሊኒክ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቱ እየተንቀጠቀጠች ቃል መናገር ሲያቅታት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተወሰደች። እዚያ የነበረው ወጣት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው «የት ሄዳችሁ ነበር?» ብሎ ነው። ደሟ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወባው በግልጽ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ፣ ድናለች። ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚሠራው የደም ምርመራ ከዚህ ቀደም በያዘ ሕመም ወይም በሌላ ትኩሳት ምክንያት «አለ» ሊል እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። ስለዚህ ታይፎይድ ተገኘ መባሉ ወባ የለም ማለት አይደለም።

ከሁለቱ ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች ፋልሲፓረም የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ወደ ከባድ ሕመም ሊሻገር ይችላል። ስለሆነም ከአርባ ምንጭ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ለሚመጣ ማንኛውም ትኩሳት ማደር የለም፤ በዚያው ቀን ደም ይታይ። የመጀመሪያው ምርመራ «የለም» ቢልና ትኩሳቱ ቢቀጥል በማግሥቱ ይደገም። ከዘመድ የተረፈ ክኒን መስጠት ምርመራውን ያደበዝዛል። ሐኪሙ ባይጠይቅ እናንተ ንገሩት፤ «በዚህ ቀን አርባ ምንጭ፣ ሐይቅ ዳር አድረን ነበር» በሉት። በሚኒሶታ ወይም በለንደን ያለ ሐኪም ወባን በዕድሜው ላያይ ይችላልና እዚያ ያላችሁ ወገኖች በተለይ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ የአገሩንም የከተማውንም ስም።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ ተንኮለኛ ነው። ከደም ቢጠፋም ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቀርና ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ዓመት ቆይቶ እንደገና ይነሳል። ይህን የተኛውን የሚያጠፋ ፕሪማኩይን የተባለ መድኃኒት አለ፤ ለእርጉዝና ለጨቅላ አይሰጥም፤ አንዳንድ ሰዎች ላይም ደም የሚያፈርስ በመሆኑ የሚታዘዘው በሐኪም ብቻ ነው። በብዛት የሚሰጠው ለ14 ቀን ነው፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን ስለዳነ ተብሎ የሚቋረጥ አይደለም። በየካቲት ሐይቅ ዳር ያደረ ልጅ በመስከረም፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ ቢያተኩሰውና ቢንቀጠቀጥ፣ ለሐኪሙ የሚነገረው ያው ነው፤ «የካቲት ላይ አርባ ምንጭ ነበርን።»